ጥቁር አውራ ዶሮ ያለበት ጠርሙስ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ኪያንቲ ክላሲኮ ጽፌ ነበር። በጣልያን፣ ቶስካና ውስጥ፣ በፍሎረንስና በሲየና መካከል ካሉ ኮረብቶች የሚመጣ ቀይ ወይን ነው። ቤተሰብ ራሱ ተክሎ፣ ራሱ ጠምቆ፣ ራሱ የሚያሽገውን ፈልጉ ብያችሁ ነበር። ጥያቄ ጎረፈልኝ። የተወሰኑትን ልመልስ።

«ከአንድ ትንሽ የቤተሰብ ወይን ቤት የመጣ ጠርሙስ ገዛሁ። ስቀዳው ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ጣቴ በብርጭቆው ውስጥ አልፎ ይታየኛል። ውሃ ተጨምሮበት ይሆን?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አይ እህቴ፣ ውሃ አይደለም። የወይኑ ዝርያ ተፈጥሮው ነው። ኪያንቲ ክላሲኮ ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ ከሚባለው ዝርያ መሠራት አለበት፤ ሕጉ ነው። የቀይ ወይን ቀለም የሚወጣው ከፍሬው ልጣጭ ነው። የሳንጆቬዜ ልጣጭ ደግሞ ካበርኔ ሶቪኞን የሚባለውን ሌላ ዝርያ ያህል ቀለም አይሰጥም። እኛ ጠላ ሲቀጥን «ቅራሪ ነው» ብለን ስላደግን፣ ሳሳ ያለ ቀለም ስናይ ወዲያው መጠርጠራችን አይገርመኝም።

እስቲ ብርጭቆውን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ዘንበል አድርጊው። መሃሉ ደማቅ ቀይ ነው፤ ዕድሜ ካለው ጠርዙ ወደ ሸክላ ቀለም ይሄዳል። አሽትቺው፤ ጎምዘዝ ያለ ቼሪ፣ ከኋላው ደግሞ እንደ ደረቀ ጦስኝ ያለ ነገር ይመጣል። አሁን ጎንጨት በይና ትንሽ ያዢው። ምራቅሽ ይሞላል፤ ያ አሲዱ ነው። ቀጥሎ እንደ ወፈረ ሻይ ድድሽን ያደርቀዋል፤ ያ ታኒን የሚባለው አድራቂ ነገር ነው። መካከለኛ ክብደት ያለው ወይን የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። እንደ ውሃ አይሮጥም፣ እንደ ሽሮፕም አፍ አይሞላም። አልኮሉ አብዛኛውን ጊዜ 13 ወይም 14 በመቶ ነው፤ በፍጹም ቅራሪ አይባልም።

«አንዱ ጠርሙስ ኪያንቲ ብቻ ይላል፣ ሌላው ኪያንቲ ክላሲኮ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጥቁር አውራ ዶሮስ ምንድን ነው?» (ከአዲስ አበባ)

ክላሲኮው የጥንቱ አካባቢ ነው። የቶስካናው ገዢ ኮዚሞ ሦስተኛ ዴ ሜዲቺ እ.ኤ.አ. በ1716 የኪያንቲን ድንበር በአዋጅ ከለሉ። ስሙ ገበያ ሲያገኝ የጎረቤት አካባቢዎችም ይጠሩበት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ ሰፊው ክልል በሕግ «ኪያንቲ» ተባለ፤ የጥንቱ ቦታ «ክላሲኮ» የሚል ቃል ተጨመረለት። አውራ ዶሮው እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመው የአምራቾቹ ማኅበር ምልክት ነው።

ከዶሮው ጀርባ ግን ደስ የሚል አፈ ታሪክ አለ። ፍሎረንስና ሲየና በድንበር ሲጣሉ፣ ከየከተማው አንድ ፈረሰኛ ዶሮ ሲጮህ ይነሣና የሚገናኙበት ቦታ ወሰን ይሁን ተባባሉ። ሲየናዎች ነጭ ዶሮ መርጠው በደንብ ቀለቡት። ፍሎረንሶች ጥቁሩን አስርበው አሳደሩት። የራበው ዶሮ ገና ሳይነጋ ጮኸ! የፍሎረንሱ ፈረሰኛ ቀድሞ ወጥቶ፣ ሲየና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከሌላው ጋር ተገናኘ። አብዛኛው መሬት በዚያው ለፍሎረንስ ሆነ ይባላል።

«የቤተሰብ ሥራ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሁሉም ላይ የሚያምር ቪላ ተስሏል።» (ከፍራንክፈርት)

ሥዕሉን ተወውና ከጀርባ ያለውን ትንሹን ጽሑፍ አንብብ። «አዚየንዳ አግሪኮላ» ካለ፣ ከራሱ እርሻ ፍሬ የሚሠራ ገበሬ ነው። «ኢምቦቲሊያቶ አሎሪጂኔ» ማለት ደግሞ እዚያው በተመረተበት ታሸገ ማለት ነው። ይህ ትንሽ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ትልልቆቹም ሊጽፉት ይችላሉ። ፍሬውን ከየቦታው ገዝቶ ከሚያሽገው ግን ይለይልሃል።

«ሪዘርቫ» የሚል የተጻፈበት ቢያንስ 24 ወር የቆየ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ተራውን እመርጥለታለሁ። የፍሬው ጣዕም እዚያ ላይ ጥርት ብሎ ይገኛል።

«ከዶሮ ወጥ ጋር ይሄዳል?» (ብዙዎቻችሁ)

እውነቱን ልንገራችሁ፦ ይከብዳል። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሰዋል፣ ታኒኑም ይመርራል። ወጡ ለዘብ ያለ ከሆነ፣ ወይኑን ቀዝቀዝ አድርጋችሁ፣ አይብ አጠገባችሁ አድርጋችሁ ሞክሩት። ከጥብስ ጋር ግን ሌላ ነገር ነው። የሥጋው ስብ ያንን የሚያደርቅ ስሜት ያለሰልሰዋል። ክትፎ ለብለብም ሚጥሚጣው ካልበዛ ግሩም ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ፓስታ በሥጋ ስጎ! ስጎ የሚለውን ቃል ከነምግቡ ከጣልያኖች ነው የወሰድነው። የቲማቲሙ ኮምጣጣነት ደካማ አሲድ ያለውን ወይን ያደበዝዘዋል፤ ሳንጆቬዜ ግን አቻው ነው። ይህ ወይን ብቻውን ሲጠጡት ኮስተር ይላል፤ ምግብ ሲቀርብ ይፈታል።

«ፍሪጅ ይግባ አይግባ?» (ከሮም)

ከመቅረቡ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ይግባ። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ጥሩ ነው። ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ ነው የሚሸተው። የተረፈውን ቡሹን መልሰሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፤ ሦስት ቀን ይቆያል።

«ወንድሜ ከጣልያን ያመጣልኝ ጠርሙስ ቡፌ ላይ ቆሞ አራት ዓመት ሆነው። ሥሩ ላይ አተላ ይታያል። ልድፋው?» (ከሐዋሳ)

እንዳይደፉት! ዝቃጩ ከወይኑ ከራሱ የሚወጣ ነው፣ አይጎዳም። ከመክፈትዎ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ሳያንቀሳቅሱ እንደቆመ ይተዉት፤ ከዚያ በቀስታ ይቅዱና መጨረሻ ላይ ያለውን ይተዉት። የሚያሰጋኝ ሙቀቱና ብርሃኑ ነው። ሲከፍቱት ኮምጣጤ ከሸተተ አልፎበታል። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ደግሞ ጥፋቱ የቡሹ ነው፤ ጤና አይጎዳም፣ ጣዕሙ ግን ጠፍቷል። ለማንኛውም ከዚህ በላይ አያቆዩት፤ ወንድምዎ በሚመጣበት ቀን ይክፈቱት።