ኮስቲክ ሶዳውን ከሱቁ አታውጣው

ወንድሜ፣ «የአሮጌ ኮሮላዬን ራዲያተር ስከፍት ቀይ ውሃ ይወጣል። መካኒኬ ሞተሩ ውስጥ ያለውን ዝገት በኮስቲክ ሶዳ እናጥበው አለኝ፣ ይሻላል?» ያልከውን አሁን አነበብኩት። ገና ካልጨመርክ እጅህን ሰብስብ። እኔ እዚሁ አዳማ ይህንኑ አድርጌ ቴስታታ (ብሎኩ ላይ የሚገጠመውን የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ቀብሬያለሁ።

ያንተም እንደ እኔው ዲኤክስ የሚባለው የድሮ ኮሮላ ነው ብዬ ልገምት። ብሎኩ ብረት ነው፣ ቴስታታው ግን አሉሚኒየም። ኮስቲክ ሶዳ ቅባት ያነሳል እንጂ ዝገት አያሟሟም። አሉሚኒየም ግን ይበላል። እንግዲህ በተራ ልንገርህ።

1. ውሃውን ከራዲያተሩ ሥር ብቻ አታፍስስ። ብሎኩ ጎን ላይ ማፍሰሻ ብሎን አለ፣ ጭቃው የሚተኛው እዚያ ነው። የእኔን ስፈታው ጠብ አላለም። በሽቦ ስቆረቁረው ነው እንደ ቡና አተላ የወጣው።

2. ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋውን) አውጣ። ካለ ማለቴ ነው። የእኔን፣ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት «አዳማ ሞቃት ነው» ብሎ አውልቆ ጥሎታል።

3. የሚጨመረው ነገር። እኔን ጉድ የሠራኝ እዚህ ጋ ነው። ከወንጂ ስመለስ መኪናው ፈላብኝና ጋራዥ አስገባሁት። ስሙን አልጠራም። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «አለቃ፣ ግማሽ ኪሎ ሶዳ አምጣ፣ እንደ አዲስ ነው የሚሆነው» አለኝ። ሮጬ ገዛሁለት። በጥብጦ ጨመረና ሞተሩን አስነሳ። ብዙም ሳይቆይ ከራዲያተሩ አፍ ግራጫ አረፋ እየተንተከተከ ወጣ። «አየህ? ቆሻሻውን እያወጣው ነው!» እኔም ደስ አለኝ። ቆሻሻ መስሎኝ የነበረው ቴስታታዬ ነው። አሉሚኒየም በሶዳ ሲበላ የሚለቀው ጋዝ ደግሞ ሃይድሮጅን ነው፣ እሳት ይይዛል። አጠገባችን አንዱ ሲጋራ ይዞ ቆሞ ነበር።

በሳምንቱ ዘይቱን ስለካ ውሃ ገብቶበት ማኪያቶ መስሏል። ቴስታታው ሲወርድ በውሃ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ፣ ጋርኒሲዮኑ (በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) የሚያርፍበት ፊት፣ ነቀዝ የበላው ባቄላ ሆኗል። ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ሰውየው በጥፍሩ ፈቅፈቅ አደረገና ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ይሄ ለቁራሌው ነው» አለ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ገዛሁ። ጋራዡ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ድሮም መኪናህ አሮጌ ነው።» የእጅ ዋጋም አስከፍለውኛል። ብሩ ይቅር፣ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያቺ ንግግር ናት።

ከዚያ በኋላ ማንንም አላስነካሁም። ግቢዬ ውስጥ ራሴ አጠብኩት፣ በሲትሪክ አሲድ። ነጭ ዱቄት ነው። በሊትር 50 ግራም በጠበጥኩ። የእኔ ስድስት ሊትር ገደማ ስለሚይዝ 300 ግራም በቃው። ሞተሩን አስነስቼ ግማሽ ሰዓት አሞቅሁት፣ አጠፋሁት፣ ሲበርድ አፈሰስኩት። መጀመሪያ የወጣው ጥቁር ቡና ነው። ሁለተኛው ሻይ። በሦስተኛው የባልዲው ወለል ታየኝ። ይሄን ስል ልጄ ምስክሬ ነው፣ ባልዲ ስታቀብል የዋለችው እሷ ናት። ግን ሲትሪክም አሲድ ነውና አታሳድረው። መጨረሻ ላይ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ (የኬኩን፣ ያኛውን አይደለም!) በውሃ በጥብጠህ አዙርበት፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ እስኪጠራ ደጋግመህ እጠብ። ለቴርሞስታት ቤቱና ለትንንሾቹ አቼቶ ይበቃል። ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፈህ በጥርስ ብሩሽ እሸው።

ታጥቦ ሲያበቃ የሆነ ቦታ ቢያንጠባጥብ አትደንግጥ። በብሎኩ ጎን ካሉት ክብ የቆርቆሮ ታፖዎች (መድፈኛዎች) አንዱ በማግስቱ አለቀሰብኝ። አሲዱ አልበላውም፣ ድሮም ተበልቶ ዝገቱ ደፍኖት ነው የኖረው። በአዲስ ቀየርኩት።

አሁን የቧንቧ ውሃ መልሰህ ብትሞላበት ግን ድካምህ ውሃ በላው። የሚሞላው ኩላንት ነው፣ ከውሃ ጋር የሚቀላቀለው ባለ ቀለም የራዲያተር ፈሳሽ። «ኩላንት የበረዶ አገር ነገር ነው» ይሉሃል፣ እኔም ዓመታት አምኜ ኖሬያለሁ። ኩላንት ዝገት መከላከያ አለው። በዚያ ላይ በአዳማ ከፍታ ባዶ ውሃ 95 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ኩላንት ያንን ከፍ ያደርገዋል። ከዲስትልድ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለው። ሱቅ ገብተህ «የባትሪ ውሃ» ብቻ እንዳትል፣ አሲዱን ሊያቀብሉህ ይችላሉ። ቴርሞስታትም ግጠም፣ እኔ ገጥሜያለሁ።

ባለፈው እሁድ ቤተሰብ ጭኜ ሶደሬ ደርሼ መጣሁ። ማታ ሲበርድ ክዳኑን ከፍቼ አየሁት፣ አረንጓዴ ነው። ያንተን ሞተር በጎን በኩል ፎቶ አንስተህ ለጥፍልኝ፣ ማፍሰሻ ብሎኑን አሳይሃለሁ።