በብስክሌት የሚቃጠል ካሎሪ እንዴት ይገመታል? ጥያቄና መልስ

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ብስክሌት በአንድ ሰዓት ስንት ካሎሪ ያቃጥላል?

መላሽ፦ ክብደት፣ ፍጥነትና ዳገት ሳይነገረኝ ቁጥር አልሰጥም።

ጠያቂ፦ 65 ኪሎ እመዝናለሁ፤ ሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል እነዳለሁ።

መላሽ፦ አሁን መልስ ይቻላል። የተለመዱት ሰንጠረዦች ይህ ፍጥነት በዕረፍት ጊዜ ከምናወጣው ጉልበት 8 እጥፍ ያህል እንደሚጠይቅ ያመለክታሉ። ያረፈ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በሰዓት 1 ኪሎካሎሪ (በተለምዶ «ካሎሪ» የምንለው) ገደማ ስለሚያወጣ፣ 65 በ8 ሲባዛ 520 ይሆናል፤ ከዚህም 65ቱን ቤትዎ ቢቀመጡም ያወጡት ስለነበር፣ ብስክሌቱ የጨመረው 455 ብቻ ነው።

ባለ ሰዓቱ፦ የእጅ ሰዓቴ ግን 900 አለኝ።

መላሽ፦ ሰዓቱ በዋናነት ከልብ ምት ነው የሚገምተው። ሙቀት፣ የውሃ ጥም፣ ቡናና ከፍታ ምትን ሊጨምሩት ይችላሉ፤ የእግርን ሥራ ግን አይጨምሩም።

ዳገት ወዳድ፦ ፔዳሌ ላይ ያለው የዋት (በየሰከንዱ የሚሠራ ሥራ) መለኪያ በድምሩ 600 ኪሎጁል አሳየኝ። ይህን ወደ ካሎሪ እንዴት ልቀይር?

መላሽ፦ እንዲህ ያለውን ጥያቄ እወዳለሁ። 1 ኪሎካሎሪ 4.184 ኪሎጁል ስለሆነ፣ 600 ኪሎጁል ለ4.184 ሲካፈል 143 ኪሎካሎሪ ይሆናል፤ ይህ ግን ፔዳሉ ላይ የደረሰው ሥራ ብቻ ነው። ሰውነታችን ካቃጠለው ምግብ ወደ ፔዳል የሚያደርሰው ከ20 እስከ 25 በመቶውን ሲሆን፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ስለሚወጣ፣ በትክክል ያቃጠሉት ከ574 እስከ 717 ኪሎካሎሪ ባለው መካከል ይገኛል። አንዱ ስሌት የቀነሰውን ሌላው ስለሚመልሰው፣ የኪሎጁሉን ቁጥር እንዳለ እንደ ኪሎካሎሪ መውሰድ ይበቃል።

ሌላ አባል፦ አልስማማም፤ በ4.184 መካፈል የፊዚክስ ግዴታ ነው።

ዳገት ወዳድ፦ ወንድሜ፣ ተካፍሏል እኮ! አንተ የረሳኸው ሙቀቱን ነው።

ሌላ አባል፦ እንዲያ ከሆነ የሠለጠነ ብስክሌተኛ ጥቂት ያቃጥላል ማለት ነው?

መላሽ፦ በእኩል ዋት ሲነዱ ልዩነቱ ትንሽ ነው። የሠለጠነው ከፍተኛ ዋት ረዘም ላለ ጊዜ ማውጣት ስለሚችል በሰዓት የሚያቃጥለው እንዲያውም ይበልጣል። ክርክሩ እዚህ ይብቃ።

ሌላ ጠያቂ፦ እኔ ለ40 ደቂቃ ብነዳስ?

መላሽ፦ ክብደት፣ ፍጥነት፣ ዳገት! ከላይ ተናግሬአለሁ።

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦ መለኪያ የለኝም፤ ወደ እንጦጦ ስወጣ እንዴት ላስላ?

መላሽ፦ ዳገት ከሁሉም ይልቅ ለስሌት የተመቸ ነው። እርስዎና ብስክሌቱ 80 ኪሎ ብትመዝኑና 500 ሜትር ከፍታ ብትወጡ፣ 80 በ9.81 (የመሬት ስበት) በ500 ተባዝቶ 392 ኪሎጁል ይሰጣል፤ ባልነው መሠረትም 390 ኪሎካሎሪ ገደማ ይሆናል። የጎማው ሰበቃና የነፋሱ ግፊት ለብቻቸው ይታከላሉ። ቁልቁለቱ ይህን አይመልስልዎትም፣ አብዛኛው ፍሬንና ነፋስ ላይ ያልቃል። በፍጥነት ብቻ የሚገምቱ ሰንጠረዦችን የማላምነውም ለዚህ ነው፤ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ዳገት መውጣት በ30 ቁልቁል ከመንከባለል እጅግ ይከብዳልና። በዚያ ላይ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ በሜዳ ላይ በፍጥነት ለሚነዳ ሰው ነፋሱን መግፋት ይቀላል።

ጠያቂ፦ ሆድ ይቀንሳል ወይ?

መላሽ፦ ይህ የምግብ ጥያቄ ነው፤ አልገባበትም።

ባለ ሰዓቱ፦ ጂም ያለው ብስክሌት ክብደቴን ሳይጠይቅ ካሎሪ ይነግረኛል። ልመነው?

መላሽ፦ ዋት ካሳየ ካሎሪውን ትተው ዋቱን ይውሰዱ፦ 150 ዋት በ3.6 ሲባዛ በሰዓት 540 ኪሎጁል፣ ማለትም 540 ኪሎካሎሪ ገደማ ነው። ዋት ካላሳየ አይመኑት።