ስልኩም ቀኑም በየመልኩ እየመጣ ተቸገርኩ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለሱቆች የሽያጭ ሲስተም በጃንጎ ሬስት ፍሬምወርክ (ዳታ በኢንተርኔት የሚቀበልና የሚሰጥ ሲስተም መሥሪያ የፓይተን መሣሪያ) ሰርቻለሁ፣ ዳታው ከየቅርንጫፉ በጄሰን (ዳታ በጽሑፍ የሚላክበት ቅርጽ) ይመጣል ግን አንዱ ካንዱ አይገጥምም። ስልክ አንዴ በ09፣ አንዴ በ+251፣ አንዴ ደግሞ ዜሮው ተበልቶ፣ ዋጋ «1,200 ብር» ተብሎ፣ ቀኑማ አይወራም። ቪው (የመጣውን ዳታ ተቀብሎ መልስ የሚሰጠው ኮድ) ውስጥ ኢፍ ኤልስ (እንዲህ ከሆነ እንዲህ፣ ካልሆነ እንዲያ የሚል ኮድ) ሞልቼበት አሁን እኔው ራሴ ማንበብ አቃተኝ። ምን ይሻለኛል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሰላም ወንድማችን። ማጽዳቱን ከቪው አውጥተህ ሲሪያላይዘሩ (የመጣውን ዳታ የሚፈትሸውና የሚቀይረው ክፍል) ላይ አድርገው፣ ያውም በየፊልዱ (ስልክ፣ ዋጋ፣ ቀን እያልክ ለየብቻ)። ለስልክ ቻርፊልድን (የጽሑፍ ፊልድ) የሚወርስ የራስህን ፊልድ ሥራና «ቱ ኢንተርናል ቫልዩ» (to_internal_value) የምትባለዋን ሜተድ ቀይር፣ ጥሬው ዳታ መጀመሪያ የሚገባው በሷ ነው። ብዙ ሰው የዋጋውን ኮማ ከሷ በኋላ በሚመጣው «ቫሊዴት» (validate) ውስጥ ሊያጠፋ ይሞክራል፣ ግን እዛ ሳይደርስ ዴሲማልፊልድ (የቁጥር ፊልድ) ቁጥር አይደለም ብሎ መልሶታል።

ስልኩ ላይ ከአሃዝ ውጪ ያለውን አስወግድ፣ ከፊት 251 ወይም 0 ካለ አንሳ፣ የቀረው ልክ 9 አሃዝ ሆኖ በ9 ወይም በ7 ካልጀመረ ኤረር ስጥ። የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ብቻ ቆርጠህ እንዳትወስድ፣ አንድ አሃዝ የተጨመረበት ቁጥር ትክክል መስሎ ያልፍሃል።

ቀኑ ላይ ግን እባክህ አትገምት። ዴትፊልድ (የቀን ፊልድ) ስለኛ አቆጣጠር ምንም አያውቅም፣ 2016-13-05 ቢመጣለት ጳጉሜን ስለማያውቃት ይመልሰዋል፣ ያ እንኳን ጥሩ ነው፣ 2016-03-12 ሲመጣ ግን ኅዳር 12 መሆኑን በምን ይወቅ፣ ማርች 12 ብሎ ዝም ብሎ ያስገባዋል፣ ሽያጩ በፈረንጅ ኖቬምበር 22 ቀን 2023 የተደረገ ሆኖ ሳለ ከ7 ዓመት ከ8 ወር በፊት ተሽጧል ሊልህ ነው። ይሄን ደግሞ ሪፖርት ሲወጣ እንጂ ቀድሞ የሚያየው የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አቆጣጠሩን በራሱ ፊልድ ይላክ፣ ያላከውን አትቀበል።

ባዶ ነገሮችንም ለይ፦ «ሪኳየርድ ፎልስ» (required=False) ኪዩ፣ ማለትም የፊልዱ ስም፣ ጄሰኑ ውስጥ ጭራሽ ሳይኖር ሲቀር ነው፣ ኪዩ ኖሮ ነል (null፣ ባዶ ዋጋ) ይዞ ከመጣ «አላው ነል» (allow_null) ያስፈልገዋል።

«ሜኒ ትሩ» (many=True፣ ብዙ መስመር ባንዴ ተቀበል) ብለህ 500 መስመር ባንዴ ከላክህ ደግሞ በአንዷ ብልሽት «ኢዝ ቫሊድ» (is_valid፣ ዳታው ልክ ነው ወይ የሚለው ፍተሻ) ለሁሉም ፎልስ ይላል፣ አንድ በአንድ አሳልፍና የወደቁትን ከነጥሬ ጄሰናቸውና ከነኤረሩ ሌላ ቴብል ላይ አስቀምጥ፣ ቅርንጫፉ ጋር ስትደውል የላኩትን ራሱን ታነብላቸዋለህ።