ልጆቻችሁን ወደ ዓለም ሰዓት ውሰዷቸው፦ በዴንማርክ ለምትኖሩ ወገኖቼ

አዲስ የመጣ ወገን ሁሉ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ግብርና ወደ አገር ቤት ገንዘብ ስለ መላክ ይጠይቀኛል። ልጆቹን በዕረፍት ቀናቸው የት እንደሚወስዳቸው የጠየቀኝ ግን እምብዛም የለም። ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ፦ «የዓለም ሰዓት» የሚባለውን ትልቅ የሥነ ፈለክ ሰዓት አሳዩአቸው። ከዚያ በፊት ግን አንድ የወረቀት ነገር ላስታውሳችሁ።

1. ወረቀት

የሲፒአር ቁጥራችሁን (የነዋሪነት መለያ ቁጥራችሁን) እና ቢጫውን የጤና ካርድ በኮሙናችሁ፣ ማለትም በአካባቢያችሁ አስተዳደር በኩል ቶሎ አስጨርሱ፤ ያለ እነርሱ ባንኩም ሐኪም ቤቱም ያንገላታችኋል።

2. ቦታው

የምላችሁ ሰዓት ያለው በኮፐንሃገን ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነው። ከዋናው ባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። እሑድ ዝግ ስለሆነ ልጆቹ ከትምህርት ሲያርፉ በሥራ ቀን ሂዱ። ብዙዎቻችሁ በደጁ ስትመላለሱ ዓመታት አልፈዋል፤ ወደ ውስጥ ግን ዘልቃችሁ አታውቁም።

3. ሰዓቱ

ሠሪው ይንስ ኦልሰን ይባላል። በ1872 እ.ኤ.አ. የተወለደው ሪበ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሪበ የዴንማርክ ጥንታዊት ከተማ ናት፤ በካቴድራሏ ደወል ቀትር ላይ የጥንቷ የዴንማርክ ንግሥት የዳግማር መታሰቢያ ዜማ ይሰማል። ከተማዋንም አንድ ቀን በባቡር ሄዳችሁ እዩ። ኦልሰን የተማረው የቁልፍ ሥራ ነበር። በስትራስቡርግ ካቴድራል ያለውን የሥነ ፈለክ ሰዓት ካየ በኋላ ልቡ በዚያው ቀረ፤ ዕድሜውንም በስሌቱ ጨረሰ። በ1945 ሲያርፍ ሰዓቱ ገና አላለቀም ነበር። ሌሎች ጨርሰውት ታኅሣሥ 15 ቀን 1955 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ፍሬደሪክ ዘጠነኛ ከኦልሰን የልጅ ልጅ ጋር ሆነው አስጀመሩት።

ከ14,000 በላይ ክፍሎች አሉት፤ የሚሞላው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ፈጣኑ ጎማ በ10 ሴኮንድ አንድ ዙር ይዞራል። የዘገምተኛው ዙር 25,753 ዓመት ይፈጃል፤ የምድር ዘንግ በሰማይ ላይ ቀስ ብሎ የሚዞርበትን ዘመን ይከተላልና። የፀሐይን መውጫና መግቢያ፣ ግርዶሽን፣ የፕላኔቶችን ጉዞ ያሳያል። በአውሮፓ አዲስ ዓመት ዋዜማ እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ የመጪውን ዓመት የፋሲካ ቀን ራሱ አስልቶ ያወጣል። ልጃችሁን እዚህ ላይ አቁሙት።

4. ልጆቹ

ልጆቻችን የእኛን ሰዓት አያውቁም። የማውቀው አንድ ልጅ አያቱ ከጎንደር «ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ደውልልኝ» ይሉታል። ልጁ በኮፐንሃገን በእነርሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 3 ሲሆን ደወለ። ያኔ ጎንደር ላይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። አሮጊቷ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ስምንት ሰዓት ሙሉ ጠብቀዋል። ልጁ ምን አጠፋ? ወላጆቹ በየወሩ ብር ሲልኩላቸው ኖረዋል፤ የአያቱን ሰዓት ግን ለልጃቸው አላስተማሩትም። ብሩ ያልቃል። ልጁና አያቱ መነጋገር ካቃታቸው ምን አተረፋችሁ?

«ዴንማርክኛ ይቅደምለት፣ አማርኛው ይደርሳል» የምትሉኝን እዚህ ላይ በግልጽ እቃወማችኋለሁ። አይደርስም! ብዙ ቤት ገብቼ አይቻለሁ። ታብሌት ታቅፎ ያደገ ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ቁጭ ብሎ ፊደል አይቆጥርም።

በዚያ ሰዓት ፊት ቆማችሁ የፀሐይ መውጫና መግቢያ የሚያሳየውን ክፍል ጠቁሙት። በኮፐንሃገን ፀሐይ በታኅሣሥ የምትወጣው በእነርሱ አቆጣጠር ጠዋት 8 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው፤ በሰኔ ግን 4 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትወጣለች። በአገራችን ዓመቱን ሙሉ የሚነጋው በተቀራራቢ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ከንጋት ጀምረን ብንቆጥር አያሳስተንም። ልጁ ይህን በዓይኑ ካየ የእኛ አቆጣጠር የራሱ ምክንያት እንዳለው ይገባዋል፤ በክፍል ጓደኞቹ ፊትም አያፍርበትም።

ቀጥሎ ወደ ፋሲካው እለፉ። ወረቀትና እርሳስ ያዙና የ2018 ዓ.ም.ን ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበትን የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ አብራችሁ አስሉ። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518 ይሆናል። በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ቀንሱ፣ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው (የጨረቃ ቁጥሩ) 12 ይሆናል። ያው ወንበር 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ (የበዓላቱ ስሌት የሚነሣበት ቀን) 18 ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነው፣ የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 7፤ 18ና 7 ሲደመሩ መባጃ ሐመር የሚባለው ድምር 25 ይሆናል። የነነዌ ጾም ጥር 25 ገባች ማለት ነው። ለትንሣኤ 9 ጨምሩ፣ 34፤ 30ው ሲገደፍ ሚያዝያ 4። የእነርሱ ፋሲካ በዚያ ዓመት ኤፕሪል 5፣ በእኛ መጋቢት 27 ነው። የሰዓቱም ስሌት የእኛም በ19 ዓመቱ የጨረቃ ዙር ላይ የቆሙ ናቸው። ዴንማርኮች ለዚህ ስሌት ጎማ ቀርጸው በመስታወት ውስጥ አኖሩት። የእኛ ሊቃውንት በቃል ይዘው እዚህ አድርሰውታል።

አባቴ ይህን ስሌት በጣቶቻቸው አንጓ ላይ ይሠሩት ነበር። ልጆቼ ከአንደበታቸው ሳይሰሙት አረፉ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የእናንተ አባቶች በሕይወት ካሉ ምን ትጠብቃላችሁ? ሙስሊም ወገኖቼም ይህ አይመለከተንም አትበሉ፤ አሥራ ሦስቱ ወራትና መስከረም አንድ የሁላችንም ናቸው።

ስለዚህ ከማዘጋጃ ቤቱ እንደ ወጣችሁ ልጁ ራሱ ለአያቱ ይደውል፣ ያየውንም በአማርኛ ይንገራቸው። ቃል ቢጠፋው አትቀሙት፤ አያቱ ያቀብሉታል። ከመሰነባበታቸው በፊት ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይቀጣጠሩ። በብርዱ ወራት ከሆነ ልጁን በእነርሱ አቆጣጠር ጠዋት በ7 ሰዓት ቀስቅሱት፤ የዴንማርክ ሰዓት ወደ ፊት በሚገፋበት የበጋ ወራት ደግሞ 8 ሰዓት ይበቃል።