ስለ ጆርጅ ኢድ ጠይቁኝ፦ ግራንድ ናሽናልን አሸንፎ በሁለት ዓመቱ ስለሞተው ጋላቢ

በመሰናክል ፈረስ እሽቅድድም ታሪክ ላይ ጥያቄ ያላችሁ ወርውሩ ብዬ ነበር። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ «ሚስተር ኤድዋርድስ» እየተባለ ይጋልብ ስለነበረው ጆርጅ ኢድ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስሙን ሰምቼው አላውቅም። በአጭሩ ማን ነው?

መልስ፦ አይፈረድብህም፣ እዚያው አገሩም ቢሆን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። በ1834 በደቡብ እንግሊዝ፣ ሃምፕሻየር ውስጥ ከመንታ ወንድሙ ከኤድዋርድ ጋር ተወለደ። በ1868 ሊቨርፑል አጠገብ ኤንትሪ በሚባል ሜዳ ላይ የሚካሄደውን ታላቁን የመሰናክል ውድድር፣ ግራንድ ናሽናልን፣ «ዘ ላምብ» (ጠቦቱ) በሚባል ፈረስ አሸነፈ። በመጋቢት 1870 እዚያው ሜዳ ላይ ወድቆ ሞተ። 36 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ያህል ቀርቶት ነበር።

ጥያቄ፦ «ሚስተር ኤድዋርድስ» የሚለው እንደኛ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው ያለ የፈረስ ስም መሆኑ ነው?

መልስ፦ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ፣ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። የኛ የፈረስ ስም ባለቤቱን ያገንናል፤ የኢድ ስም የወጣው ሰውየውን ለመሸፈን ነው። በዚያን ጊዜ ጋላቢው ሁለት ወገን ነበር፤ አንዱ ተከፍሎት የሚጋልብ፣ ሌላው ገንዘብ ሳይቀበል የሚጋልብ የጨዋ ልጅ። ከስሙ ፊት «ሚስተር» የሚጻፍለት ለሁለተኛው ነው። ቁማርና ጫጫታ የበዛበት ሜዳ ላይ የቤተሰብ ስም እንዳይነሳ ብዙዎቹ በውሸት ስም ይጋልቡ ነበር። ሦስት ጊዜ ግራንድ ናሽናልን ያሸነፈው ቶማስ ፒከርኔል እንኳ በአሸናፊዎቹ ዝርዝር ላይ «ሚስተር ቶማስ» ነው።

ጥያቄ፦ የመሰናክል እሽቅድድም ራሱ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከአየርላንድ ነው የሚባለው። በ1752 ኮርክ አውራጃ ውስጥ ኦካላሃንና ብሌክ የተባሉ ሁለት ሰዎች ተወራርደው ከቡተቫንት ቤተ ክርስቲያን እስከ ዶኔሬይል ቤተ ክርስቲያን ድረስ ጋለቡ፤ ምልክታቸው የደወሉ ማማ ነበር። መሀል ላይ ያገኙትን አጥርና ቦይ መዝለል ነው እንግዲህ።

ጥያቄ፦ የ1868ቱ ውድድር እንዴት ነበር? ኤንትሪስ ምን ያህል ከባድ ነው?

መልስ፦ ርቀቱ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ነው። አጥሩ፣ ቦዩ፣ የውሃ መሰናክሉ ተደማምሮ 30 ያህል ዝላይ አለበት። ከቦዮቹ አንዱ በ1839 ጋላቢው ካፒቴን ማርቲን ቤቸር ወድቆ ስለገባበት በስሙ እስከ ዛሬ ቤቸርስ ብሩክ ይባላል።

ዘ ላምብ የአየርላንድ ፈረስ ነው፤ ትንሽና ግራጫ፣ እንዲህ ላለ ሜዳ ሲያዩት የማይታመን። ባለቤቱ ሎርድ ፖውሌት የተባለ የእንግሊዝ መኳንንት ነው። ኢድ ፐርል ዳይቨርን ሁለተኛ፣ የ1865ቱን አሸናፊ አልሲቢያድን ሦስተኛ አድርጎ ገባ። ግራጫ ፈረስ ግራንድ ናሽናልን ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነው። እስከ ዛሬም ከሦስት ፈረስ አላለፉም፤ ሌሎቹ የ1961ዱ ኒኮላውስ ሲልቨርና የ2012ቱ ኔፕቱን ኮሎንዥ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋላቢ ሁሉ እንደ ሕፃን ቀላል መሆን የለበትም? ኢድ ክሪኬት ይጫወት ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ድንክዬው መሰናክል በሌለበት ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የሚሮጠው ነው። የመሰናክል ጋላቢ ከበድ ማለት ይችላል። ክሪኬቱም እውነት ነው፣ ያውም እንዲያው ለመዝናናት አይደለም። የሃምፕሻየር ክሪኬት ክለብ በ1863 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ እሱ ነበር፤ የመጀመሪያው አምበልም ሆነ። መንታ ወንድሙም በዚያው ቡድን ተጫውቷል። ለኔ ግልቢያው ካመጣለት ስም ይልቅ ዘልቆ የቆየው ይሄኛው ሥራው ነው፤ ክለቡ ዛሬም አለ።

ጥያቄ፦ አሟሟቱን ንገረን። ግራንድ ናሽናል ላይ ነው የወደቀው?

መልስ፦ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ውድድር በ1870 ባለቀ ማግስት ኤንትሪ ላይ ሴፍተን የተባለ ሌላ ውድድር ነበር። ቺፕንሃም የሚባል ፈረስ እንዲጋልብ ተጠየቀና እሺ አለ። ፈረሱ ክፉ ስም ነበረው፤ ወዳጁ አርተር የትስ «ይገድልሃል፣ ተው» እያለ እንደ ለመነው ይተረካል። ኢድ ቃሌን ሰጥቻለሁ ብሎ ወጣ። ፈረሱ መሰናክሉ ላይ ተደናቅፎ ወደቀ፣ ላዩ ላይም ተንከባለለ። ኢድ ከጥቂት ቀናት በኋላ አረፈ።

እኔን የሚያስቆጨኝ ምኑ ነው? ገንዘብ የማይቀበል ሰው ነው። ተከፋዩ ጋላቢ «እንጀራዬ ነው» ይላል፤ ኢድ ግን ያንን ፈረስ እንዲጋልብ ያስገደደው የለም። ዝናውን አግኝቷል፣ ትልቁን ዋንጫ በልቷል። ታዲያ ለአንድ ተራ የማግስት ውድድር እንቢ ማለት አቃተው። በዚያ ዘመን ጨዋ የተባለ ሰው የሰጠውን ቃል ማጠፍ ከመውደቅ ይብስበት ነበር፤ ይህን ደግሞ እኔ በጀግንነት አልቆጥረውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ግራንድ ናሽናል ራሱ ጋላቢ አልገደለም?

መልስ፦ ፈረስ ብዙ ገድሏል። ሰው ግን አንድ ነው፤ በ1862 የሞተው ወጣቱ ዊን፣ የ1847ቱ አሸናፊ የዴኒ ዊን ልጅ። የሚያስደንቀው ጆርጅ ስቲቨንስ ነው፦ ኢድ በሞተበት በ1870 አምስተኛ ድሉን አገኘ (እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም)። በቀጣዩ ዓመት ቸልተንሃም አጠገብ የተቀመጠበት ተራ የመንገድ ፈረስ ጥሎት ሞተ።

ጥያቄ፦ የራስ ቁር አያደርጉም ነበር እንዴ?

መልስ፦ የሐር ቆብ ብቻ። ቁር ግዴታ የሆነው በ1920ዎቹ ነው፣ የ1923ቱ አሸናፊ ካፒቴን ቤኔት በወደቀበት ጭንቅላቱን ፈረስ ረግጦት ከሞተ በኋላ። እሱም እንደ ኢድ አማተር (ሳይከፈለው የሚጋልብ) ነበር። ለኢድ ግን ቁር የሚጠቅመው አይመስለኝም፤ የጨፈለቀው የፈረሱ ክብደት ነው።

ጥያቄ፦ ፈረሱስ ምን ሆነ?

መልስ፦ ዘ ላምብ ታሞ ከርሞ በ1871 ተመለሰና ግራንድ ናሽናልን እንደገና አሸነፈ፤ ጋላቢው «ሚስተር ቶማስ» ነበር። ሎርድ ፖውሌት ድሉን ከወራት በፊት በሕልሙ አይቶ ለፒከርኔል ደብዳቤ ጽፎለታል ይባላል። በ1872 ጀርመን፣ ባደን ባደን ውስጥ ሲሮጥ እግሩ ተሰብሮ እዚያው ተገደለ።