የቤተ መንግሥቱ ሰው በማን አንደበት ይናገር?

ጥያቄ፦ በመካከለኛው ዘመን ባህሎች ላይ ተመሥርተው የተጻፉ ታሪካዊ ፋንታሲ ልብ ወለዶችን በድምፅ መጽሐፍ አዳምጣለሁ። አንዱ ተራኪ ባይዛንታይንን (ግሪክኛ ተናጋሪውን የምሥራቅ ሮም መንግሥት) ለሚመስል ቤተ መንግሥት ባለሟሎች የባዕድ ቅላጼ ይሰጣቸዋል፤ ሌላው ሁሉንም በራሱ አነጋገር ያነባቸዋል። የአንዲት ከተማ ስም ከአንደኛው ቅጽ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ተለውጦም ሰምቻለሁ። ትክክለኛው አተራረክ የትኛው ነው? ማዳመጥስ ከማንበብ ያነሰ ነው?

መልስ፦ በቅላጼው ጉዳይ አቋሜ ግልጽ ነው። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ቋንቋው የሚናገር ባለሟል ለራሱም ሆነ ለሚሰሙት ባዕድ አይደለምና፣ ተራኪው የውጭ ሰው ቅላጼ ሲያሸክመው ደራሲው በብዙ ድካም ያቀረበልንን ዓለም መልሶ ያርቅብናል። ቅላጼ ቦታ የሚኖረው ታሪኩ ራሱ ልዩነትን ሲፈልግ፣ ለምሳሌ ከሰሜን የመጣ ቅጥረኛ ወታደር በዋና ከተማዪቱ ሰዎች መካከል በአነጋገሩ የሚለይ ከሆነ ነው። ከዚህ ውጭ ያለውን የማዕረግና የዕድሜ ልዩነት በንግግር ፍጥነት፣ በትንፋሽ አወሳሰድና በዝምታ መግለጽ ይቻላል፤ ጥሩ ተራኪዎችን የማደንቀውም በዚህ ነው።

የስሞች ነገር ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። ዓለሙ የደራሲው ፈጠራ በመሆኑ የመጨረሻው ቃል የደራሲው ነው፤ ስለዚህም ጠንቃቃ ተራኪ ወደ ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ አንብቦ፣ የሰዎችንና የቦታዎችን ስም ዘርዝሮ፣ አጠራራቸውን ከደራሲው ያረጋግጣል። ደራሲው ካልተገኘ መነሻ ወደሆነው ባህል መሄድ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የየትኛው ዘመን አጠራር የሚል ጥያቄ ወዲያው ይከተላል። በጥንታዊው ግሪክኛ እንደ «በ» ይነበብ የነበረው ቤታ የተባለው ፊደል በባይዛንታይን ዘመን እንደ «ቨ» ይነበብ ነበር፤ በመሆኑም የጥንቱን ግሪክኛ የተማረ ተራኪ «ባሲሌውስ» የሚለውን የንጉሥ ማዕረግ የዚያ ቤተ መንግሥት ሰዎች «ቫሲሌፍስ» ይሉት ነበር። የቻይናውን ታንግ ሥርወ መንግሥት መነሻ ባደረጉ ታሪኮችም ቢሆን፣ የዛሬው ማንዳሪን ቻይንኛ በዚያ ዘመን በቃላት መጨረሻ ይሰሙ የነበሩትን የ«ፕ»፣ የ«ት» እና የ«ክ» ድምፆች አጥቷል። የጠፋውን ድምፅ እንዳለ መመለስ ስለማይቻል፣ ተራኪው አንድ ሥርዓት መርጦ እስከ መጨረሻው ሊጸናበት ይገባል።

ስለ ከተማዪቱ ስም ያቀረቡት ቅሬታ ተገቢ የሚሆነውም ለዚህ ነው። አንባቢ ገጽ ገልጦ የስሙን አጻጻፍ ያመሳክራል፤ ለአድማጭ ግን አጠራሩ የተለወጠ ከተማ ሌላ ከተማ ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት የሚፈጠረው በአንድና በሁለት ቅጽ መካከል ዓመታት ሲያልፉ፣ ተራኪው ሲቀየር ወይም የስም ዝርዝሩ ሳይቀመጥ ሲቀር ነው። በደቂቃ 150 ቃላት ቢነበብ የ180,000 ቃላት ልብ ወለድ 20 ሰዓት ይፈጃል፤ ቀረጻው ደግሞ እርማቱና ድግግሞሹ ሲታከሉበት ከዚያ በጣም ይበልጣል። በመጀመሪያው ቀን ለአንድ አዛውንት የተሰጠውን ድምፅ ከሳምንታት በኋላ ማንም በትዝታ ብቻ አያገኘውም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ አጭር የድምፅ ናሙና ማስቀመጥ ግዴታ መሆን አለበት። እንግሊዛዊው ተዋናይ ሮይ ዶትሪስ በአንድ የፋንታሲ መጽሐፍ ለ224 ገጸ ባሕርያት የተለያየ ድምፅ በመስጠቱ በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍሯል፤ እጅግ የሚደነቅ ችሎታ ነው። ሆኖም አድማጭ በጦር ምክር ቤት ውስጥ ማን እንደተናገረ ወዲያው እስከለየ ድረስ የድምፆቹ ብዛት መመዘኛ ሊሆን አይገባም።

ማዳመጥ ከማንበብ ያንሳል ብዬ አላምንም፤ በተለይ በዚህ ዘውግ። በመካከለኛው ዘመን ታሪክን የሚቀበለው ሰው በአብዛኛው አድማጭ ነበር። በጃፓን ከ1180 እስከ 1185 እ.ኤ.አ. የተካሄደውን የጌንፔይ ጦርነት ትረካ ከቦታ ቦታ ያደረሱት፣ ቢዋ የተሰኘውን ባለ አውታር መሣሪያ እየመቱ የሚተርኩ፣ በአብዛኛው ዓይነ ስውር የሆኑ ባለሙያዎች ነበሩ። በእርግጥ አድማጭ የሚያጣው ነገር አለ፤ ካርታውና የትውልድ ሐረጉ በድምፅ አይነበቡም። አሳታሚው እነዚህን ከድምፅ ቅጂው ጋር ለይቶ አቅርቦ እንደሆነ ይመልከቱና፣ ቢያንስ ገጸ ባሕርያቱን እስኪለዩ ድረስ ከፊትዎ ዘርግተው ያዳምጡ።