በአራት ቀን ራስ ዳሽን? ለሌላ ጊዜ ተዉት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። አራት ጓደኛሞች ሆናችሁ፣ በጥቅምት አጋማሽ፣ ከጎንደር ተነስታችሁ ስሜን ተራሮችን በእግር ልትሄዱ አስባችኋል። ያላችሁ አራት ቀን ነው። «ራስ ዳሽንን ወጥተን መመለስ እንችላለን ወይ? ምንስ እንያዝ?» ነው ያልሽው።

ራስ ዳሽንን ለሌላ ጊዜ ተዉት። ለምን እንደምል ላስረዳሽ። በካርታ ሲያዩት ከጨነቅ ካምፕ ቅርብ ይመስላል። በእግር ግን ሌላ ነው። ከጨነቅ ተነስታችሁ መጀመሪያ የቧሂትን መተላለፊያ ትወጣላችሁ፤ 4,200 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ያገኛችሁትን ከፍታ ሁሉ ትታችሁ ወደ መሸሃ ወንዝ ትወርዳላችሁ፤ እሱ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ወንዙን ተሻግራችሁ ደግሞ ወደ አምቢቆ ዳገቱን ትያያዙታላችሁ። በማግስቱ ሌሊት ተነስታችሁ ከ4,500 ሜትር በላይ ወዳለው ጫፍ። ስትመለሱም ያው ቁልቁለት፣ ያው ዳገት። ይሄን በአራት ቀን ውስጥ ለማስገባት ስትሯሯጡ የምታዩት የፊታችሁን ሰው ጫማ ብቻ ነው። ጥቅምትን የሚያህል ወር አግኝታችሁ እንዲህ ብታሳልፉት ያሳዝነኛል።

የወሩ ምርጫ ግን በጣም ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ጥምቀትን ጎንደር አክብሮ፣ በዚያው በጥር ወደ ስሜን ይወጣል። በዓሉ የሚያምር ነው፣ አልከራከርም። ተራራው ግን በጥር ደርቋል፤ ሣሩ ገርጥቷል፣ መንገዱ አቧራ ነው፣ ሌሊቱም ውርጭ ነው። በጥቅምት ዝናቡ ገና መሄዱ ነው። አየሩ ታጥቦ ሩቅ ያሳያል። ሣሩ አረንጓዴ ነው። አደይ አበባም መስከረም መጨረሻ ላይ ብትመጡ ኖሮ በሽ በሽ ነበር፤ አሁንም አልፎ አልፎ ታገኛላችሁ። የገበሬው ገብስ ደግሞ ማሳው ላይ ቢጫ መሆን የሚጀምረው በዚሁ ሰሞን ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምሄደው። በመጀመሪያው ቀን በጠዋት ከጎንደር ደባርቅ፤ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ደባርቅ ነው። መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ ስካውት (መሣሪያ ይዞ አብሯችሁ የሚሄድ ጠባቂ) ይመደብላችኋል። አስጎብኚና በቅሎም እዚያው ተነጋገሩ። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ቁረጡ፤ የበቅሎ ነጂው የመመለሻ ቀን ይታሰብለት አይታሰብለት በግልጽ ተስማሙ። ክርክር የሚነሳው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በመኪና እስከ ቡይት ራስ ሂዱና የቀረውን በእግር፣ ገደሉን ጥግ ጥጉን ይዛችሁ ሳንቃበር ካምፕ ግቡ። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሳንቃበር 3,250 አካባቢ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን አጭር መሆኑ ለሰውነታችሁ ነው።

ሁለተኛው ቀን ወደ ግጭ ካምፕ ነው። መንገድ ላይ የጅንባርን ፏፏቴ የግድ እዩት። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ማለት አለው፤ «ይቅርብን» እንዳትሉ። ውኃው ወደ 500 ሜትር በሚጠጋ ገደል ነው የሚወረወረው። በጥቅምት ገና ጉልበት አለው። በጥር ብትመጡ ቀጥኖ ነው የምታገኙት።

ግጭ ላይ ሜዳው ሁሉ ሣርና ጅብራ ነው። ጅብራ ብዙ ዓመት ያድግና አንዴ አብቦ ይሞታል፤ አበባውን የሚያወጣበት ግንድ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ድሮ እዚህ መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ ዓመታት አልፈዋል። የተነሱትም ፓርኩን ለማዳን ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ አስገብቶት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው ያወጣው። በዚያ ሜዳ ስትሄዱ ይሄን ብታስታውሱ ደስ ይለኛል። ቦታቸውን የለቀቁ ሰዎች አሉ።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን እዚህም ሳንቃበርም ታገኟቸዋላችሁ። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያድሩና ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። እባካችሁ ፎቶ ለማንሳት አትሩጡ። ራቅ ብላችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ቂጣቸውን መሬት አስነክተው፣ በሁለት እጃቸው ሣሩን እየነጩ፣ ሳይነሱ ሸርተት እያሉ ወደ እናንተ ይመጣሉ። የሣሩ መነጨት ጭው ባለው ሜዳ ላይ ይሰማል። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ ቀረባችሁ ማለት ነው፤ ወደ ኋላ በሉ። ዳቦም ሆነ ሙዝ አትስጧቸው። ሰው ምግብ ያስለመዳቸው ጭላዳዎች ሣሩን ትተው ሰው ይከተላሉ።

ሦስተኛው ቀን ረጅሙ ነው። ከግጭ በእሜት ጎጎ በኩል ወደ ጨነቅ። እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው፣ በሦስት በኩል ገደል። በጠዋት ድረሱ። እኩለ ቀን አካባቢ ጉሙ ከቆላው ይነሳና ሁሉን ይሸፍነዋል። ዘግይቶ የደረሰ ሰው ነጭ ብቻ አይቶ ነው የሚመለሰው።

አራተኛው ቀን ጨነቅ ላይ በማለዳ ተነሱ። ዋልያ ለማየት ጥሩው ቦታና ሰዓት ይሄ ነው። ከፍታ ካማራችሁና ጤናችሁ ደህና ከሆነ ቧሂት አለላችሁ፤ 4,430 ሜትር ነው። ወጥቶ መመለሱ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ከዚያ በመኪና ወደ ጎንደር። መኪናውን ጨነቅ እንዲጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ስለ ከፍታው አንድ ነገር። ራስ ምታት ብዙ ሰው ይይዘዋል፤ ውኃ ጠጥቶ፣ ቀስ ብሎ ሄዶ ያልፋል። ማስመለስ፣ መንገዳገድ፣ ሲቀመጡም የሚያስቸግር የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ወዲያው መውረድ ነው። «ጓደኞቼን አላስቸግርም» ብሎ መደበቅ አይገባም። ይሄን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩበት።

ምን እንያዝ ላልሽው፦ የለመደ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ (ጥቅምትም ቢሆን ይጥላል)፣ ወፍራም ጃኬት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ የእጅ ባትሪ። ጋቢ ያዙ፤ ማታ እሳት ዳር የሚተካው የለም። የምንጭ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ። ለመንገድ ቆሎና በሶ፣ ለእራት ድርቆሽ። ድርቆሽ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በሽንኩርትና በበርበሬ ቶሎ ይደርሳል። ምግብ ስትገዙ ስካውቱንና በቅሎ ነጂውንም ጨምራችሁ ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ይዘውት የሚወጡት ጥቂት ነው፤ እናንተ እየበላችሁ እነሱ ራቅ ብለው ሲቀመጡ ማየት ደስ አይልም። ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፣ አንዳንዱ ጽጌንም ይጾማል። ቱና ብስኩቱን ብቻ ይዛችሁ እንዳትወጡ፣ ሽሮ ጨምሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን የመንገዱ ሰላም ነው። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት፣ ጎንደር ስትገቡም፣ በመነሻችሁ ዋዜማም ደባርቅ ደውላችሁ ጠይቁ። «አትምጡ» ካሏችሁ ተራራው የትም አይሄድም። ቀኑን ስትቆርጡ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ሰሞኑን የወጡ ሰዎች ስላሉ መንገዱን እጠይቅላችኋለሁ።